የግንቦት ተራ

በፎገራ ሜዳ ላይ ሰው በፈቀደው ቀን ሩዝ መዝራት ከቀረ አንድ ትውልድ አልፏል። ዘሩ ታሽጎ ይመጣል። በዝናብም ሆነ በጉማራ ወንዝ ውሃ ቢዘፈዘፍ እንደ ጠጠር ተኝቶ ይከርማል እንጂ አይበቅልም። የሚበቅለው በቦዩ የሚለቀቀው የማንቂያ ውሃ ሲነካው ብቻ ነው። ይህንንም ውሃ የተራ ጽሕፈት ቤቱ ለእያንዳንዱ ማሳ በዓመት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ከወጣችበት እስክትጠልቅ ይለቀዋል። ቀኑ ያለፈበት ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል።

ተራው ከግንቦት አጋማሽ ተነሥቶ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይዘረጋል። እንዲህ የሆነበት ምክንያት ምስጢር አይደለም። በየከተማው የሚገኙት የሩዝ መፈልፈያዎች ሥራ እንዳይፈቱ፣ እህሉ በአንድ ሰሞን ሳይሆን እየተከታተለ መድረስ አለበት፤ ስለዚህም አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ መዝራት ነበረበት። ቀድሞ የዘራ ሰው ቡቃያው የነሐሴ ጎርፍ ሳይደርስ ከጉልበት በላይ ያድጋል፤ ውሃው ሲመጣ አንገቱን አውጥቶ ይቆየዋል። ዘግይቶ የዘራ ሰው ቡቃያው ገና ስንዝር ሳይሞላ ይዋጣል። ከጎርፉ የተረፈውም ሲያብብ ከኅዳር ውርጭ ጋር ይገናኝና ዛላው ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ይቀራል። ፍሬ የያዘ ዛላ ያጎነብሳልና ባዶው ከሩቅ ያስታውቃል። ይህን በሜዳው ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጽሕፈት ቤቱም ያውቃል።

ሕጉ ደግሞ ማሳው ሦስት ዓመት ተከታትሎ ከተወሰነለት ምርት በታች የሰጠ ገበሬ መሬቱ ወደ ጥቅሉ ይገባል ይላል። ጥቅሉ የሚሉት ሰው የማይታይበት፣ ማሽን ብቻ የሚመላለስበት፣ ዓመት በዓመት እየሰፋ የሚሄድ እርሻ ነው። መሬቱ የገባበት ገበሬ ቤቱንም ይለቅና ከወረታ ዳር በተደረደሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ አንድ ክፍል ይሰጠዋል። ጥቅሉ ዘግይቶ ዘርቶ አያውቅም፤ የእሱ ተራ ሁልጊዜ ግንቦት ነው።

ምንተስኖት ሁለት ዓመት በላይ በላዩ የሐምሌ ተራ ወጣለት። የመጀመሪያውን ዓመት ቡቃያውን ጎርፍ በላው፤ ሁለተኛውን ዓመት ውርጭ። ሦስተኛው ዓመት ሲገባ ሰውዬው ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ጢሙም በዚያ ክረምት ጨርሶ ነጣ።

በየማሳው ማዕዘን አንድ ምሰሶ ተተክሏል። ገበሬው በየማለዳው መዳፉን በምሰሶው ላይ ያሳርፋል፤ ምሰሶውም በሴት ድምፅ ሰላምታ ይሰጠዋል። ድምፁ እጅግ ጨዋ ስለሆነ የሜዳው ሰው «እሜቴ» የሚል ስም አውጥቶለታል። እሜቴ በምሰሶው ብቻ ሳይሆን አዋቂ ሁሉ በእጁ ላይ በሚያስረው አምባርም ትናገራለች፤ የሚባለውንም ትሰማለች።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ምንተስኖት?» አለችው በግንቦት መባቻ አንድ ማለዳ። «የዘንድሮ ተራዎ የግንቦት የመጨረሻው ማክሰኞ ነው። መልካም ዘር ይሁንልዎ።»

ምንተስኖት መዳፉን አነሣና እንደገና አሳረፈ። ድምፁም ያንኑ ደገመለት። ከድንበሩ ማዶ ቦይ ይጠርግ የነበረው ጎረቤቱ ይበልጣል ቀና አለ።

«ምን አለችህ?»

«ግንቦት አለችኝ።»

«እሜቴን ምን ነካት? ወይስ በሽምግልናህ አማለልካት?» ይበልጣል አካፋውን ጥሎ ሳቀ፤ ወዲያውም ድንበሩን ተሻግሮ ጎረቤቱን አቀፈው። «እሰይ! በል እንግዲህ፣ ማክሰኞ ሁላችንም አንተ ማሳ ላይ ነን።»

ማክሰኞው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሞላልኝ ሞተ። ሞላልኝ የምንተስኖት የድንበር ጎረቤት ነበር። ድንበር ሲያበጅ ውሎ፣ እጁን ታጥቦ ራት ሊቀርብ ሲል ተቀምጦ ቀረ። የእሱም ማሳ ሁለት ዓመት ወድቆ ሦስተኛው ላይ የደረሰ ነበር፤ ለዘንድሮም የወጣለት የሐምሌ መጨረሻ ነው። ሚስቱ ውብሐረግ ሁለቱን ነገር አንድ አድርጋ አለቀሰችው።

«ሐምሌን ጥለህብኝ ሄድክ፣ ሞላልኝ!» ትል ነበር እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ዳሱ ሞልቶ ሳለ። «ጎርፉን ለእኔ ትተህልኝ ሄድክ!»

በሜዳው ልማድ ሐዘንተኛ ፊት ዝም ብሎ አይቀመጥም። እህል ያለው እህል፣ የሌለው ቃል ይዞ ይመጣል። ሰጪው እስከ ሦስት ጊዜ ይለምናል፤ ሐዘንተኛዋ እስከ ሦስት ጊዜ ትገፋለች። ከዚያ ሁለቱም ተከባብረው ይለያያሉ፤ የተባለውም ነገር እንደ ተባለ ይቀራል። ማንም ተሰጥቶ አልተወሰደም ወይም ሳይሰጥ ቀረ ብሎ ሲጣላ አልተሰማም።

ምንተስኖት ከተቀመጠበት ተነሣ። ዕንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር፤ ዕንባውም የእውነት ነበር።

«አይዞሽ፣ እታለም! ሐምሌ ምን ታደርግሻለች እኔ እያለሁ? የእኔን የግንቦቱን ተራ ውሰጂ። ሰጥቼሻለሁ!»

«ኧረ በሞላልኝ አፈር!» አለች ውብሐረግ፣ የተላጨ ራሷን በጥቁር ነጠላዋ እየሸፈነች። «እርስዎስ ምን ሊሆኑ፣ አያ ምንተስኖት? አልወስድም።»

«እኔ ልሙት ትወስጃለሽ!»

«አይደረግም።»

«እነዚህ ሁሉ ይስሙ! ተራው ያንቺ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። አልቀበልም። ቃልዎ ይበቃኛል።»

ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ማለት እንዲህ ነው» ያለም ነበር። ምንተስኖት ተመልሶ ሲቀመጥ ደረቱ ሞቀው፤ ከሙቀቱም ሥር አንድ ቀዝቃዛ ነገር፣ እንደ ዕፎይታ ያለ ነገር አለፈ። አላስተዋለውም።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በየተራ የሚረዳዱት የወንፈሉ ሰዎች በማሳው ዳር ተሰለፉ። ይበልጣል እስከ ጉልበቱ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ሌሎቹም ዘር መዝሪያቸውን አንግተው የውሃውን በር ይመለከቱ ነበር። ፀሐይ ወጣች። በሩ አልተከፈተም። ከማዶ፣ ከጥቅሉ ወገን፣ ውሃ ሲንዶለዶል ይሰማል።

ምንተስኖት መዳፉን በምሰሶው ላይ አሳረፈ።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ምንተስኖት?»

«በሩ አልተከፈተም።»

«የዛሬ ተራዎን እሑድ ዕለት ለወይዘሮ ውብሐረግ ሰጥተዋል። ሦስት ጊዜ አረጋግጠዋል። ወይዘሮ ውብሐረግም ሦስት ጊዜ አልተቀበሉም። ባለቤት ያጣው ተራ ወደ ጥቅሉ ተላልፏል። እርስዎ በተረፈው ቀን፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ይዘራሉ። ስለ ልግስናዎ እናመሰግናለን።»

በማሳው ዳር የተሰለፉት ሁሉ ሰሙ። ይበልጣል ሱሪውን ወደ ታች መለሰ።

ምንተስኖት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አስካለ ለወንፈሉ ያዘጋጀችውን ጠላ እየከደነች ነበር። ወሬው ቀድሞት ደርሷል።

«አቤቱታ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቀበላሉ አሉ» አለችው። «ነገ ወረታ ውረድ።»

«ወርጄ ምን ልበል?»

«እውነቱን። ከልብህ ነበር?»

«ይኼ እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?»

«ይጠይቁሃል እኮ። እኔ ብጠይቅህ ይሻላል።»

ምንተስኖት መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከልቡ ነበር ወይስ አልነበረም? ዕንባው ከልቡ ነበር። እንደማትወስድም ያውቅ ነበር። በተናገረባት ቅጽበት ሁለቱ አብረው፣ ሳይጋፉ፣ በአንድ ደረት ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ እስከዚያች ማለዳ ድረስም ለያቸው ያለው ሰው አልነበረም።

«ብትወስደው ኖሮስ?» አለች አስካለ።

«አትወስድም ነበር።»

«መልስህ ይኸው ነው።»

የተራ ጽሕፈት ቤቱ ክፍል ነጭ ነበር፤ መስኮት አልነበረውም። ጉዳዩን የያዘችው ኤልዳና የምትባል ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ፊቷ ቅን። ለምንተስኖትም፣ አብራ ለተጠራችው ለውብሐረግም ውሃ ቀዳችላቸው።

«አባባ፣ ነገሩ ከባድ አይደለም» አለች። «ሰው በሌላው ፊት የሰጠው ቃል የጸና ነው። የሚፈርሰው ተናጋሪው ራሱ፣ ቃሉን በሰማው ሰው ፊት፣ ከንቱ ቃል ነበር ብሎ ሲያስታውቅ ነው። እርስዎ እንዲህ ካሉ ነገሩ ከሥሩ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ተራዎ ይመለስልዎታል፤ ነገ ይዘራሉ።»

«ካላልሁስ?»

«ያኔ እማማን እጠይቃለሁ። እሳቸውም አልቀበልም ያልሁት ለይሉኝታ ነበር፣ ከንቱ ቃል ነበር ካሉ፣ ተራው የእሳቸው ይሆናል። ሁለታችሁም ቃላችሁን ካጸናችሁ እንደ ተወሰነው ይቀራል።»

«ለሁለታችንም አንድ ተራ ነው?» አለች ውብሐረግ።

«አንድ ነው፣ እማማ።»

ምንተስኖት ወደ ውብሐረግ ዞረ። ጥቁር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ እጇን ትመለከት ነበር። ዝም ቢል፣ ይህች ሴት ተራውን ማግኘት ትችላለች። ትችላለች እንጂ ታደርገዋለች ወይ? አፍራ ዝም ብትል የሁለቱም መሬት ይሄዳል። ደፍራ ብትናገር የእሱ ይሄዳል። በየትኛውም መንገድ የእሱ የሚሄድ መሆኑን አሰበ፤ ይህን ማሰቡም አሳፈረው፤ ማፈሩ ግን ሐሳቡን አላስቆመውም።

«ጊዜ መውሰድ ይችላሉ» አለች ኤልዳና።

«ከንቱ ቃል ነበር» አለ ምንተስኖት።

«ይቅርታ አባባ፣ ወደ እሳቸው ዞረው ነው የሚሉት። ሙሉውን።»

ዞረ።

«እታለም… እሑድ ዕለት በልቅሶሽ ላይ የተናገርሁት ከንቱ ቃል ነበር።»

ውብሐረግ ነጠላዋን ከግንባሯ ላይ ገለጥ አደረገች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ለምንተስኖት ይቀለው ነበር።

«ዐውቄው ነበር፣ አያ ምንተስኖት» አለች። «ግን ደስ ብሎኝ ነበር።»

በማግሥቱ የውሃው በር ተከፈተ። ምንተስኖትና አስካለ ብቻቸውን ዘሩ፤ ወንፈሉ በድንገት መጠራት አልቻለምና በዚህ ማንንም አልወቀሱም። ዘሩ ነቃ። በሰኔ አጋማሽ ማሳው አረንጓዴ ለበሰ፤ በሐምሌ መጨረሻ ሩዙ ከጉልበት አልፎ ከወገብ ሊደርስ ተቃረበ፤ ግንዱ እየወፈረ፣ ከአንድ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ እያወጣ ሄደ። በነሐሴ ጣና ሞልቶ ጉማራን ወደ ኋላ ሲመልሰው፣ ውሃው በሜዳው ላይ ተኛ። የምንተስኖት ሩዝ በውሃው መካከል ቆሞ ነፋሱ ሲነካው ይወዛወዝ ነበር። ከድንበሩ ወዲያ፣ በውብሐረግ ማሳ፣ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ የተዘራው ቡቃያ ከውሃው ሥር ነው፤ ውብሐረግ አንዳንድ ማለዳ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ውሃውን ትመለከታለች። ምንተስኖት እንደምን አደርሽ ይላታል። እግዜር ይመስገን ትለዋለች።

በመንደሩ የሰደበው የለም። ሰዎች እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ትሁቶች ሆኑለት። በመንገድ ሲያገኙት ከሩቅ ይቆማሉ፤ ጤናውን፣ የሚስቱን ጤና፣ የሩዙን ጤና ይጠይቁታል። ሰላምታው ረዘመ፤ ሰላምታው ሲያልቅ ግን ወሬ አልነበረም።

በኅዳር መጀመሪያ ሩዙ ደረሰ። ዛላው ሁሉ አጎንብሶ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ወርቅማ ሆነ። እንዲህ ያለ ሩዝ ከጥቅሉ በቀር በሜዳው ላይ አልታየም። የቀረው አጭዶ፣ ወቅቶ፣ የዓመቱ ምርት የሚመዘንበት፣ ለኅዳር ጽዮን የሚዘጋው ሚዛን ሳይዘጋ ማድረስ ነው። የጥቅሉ ማሽኖች በግለሰብ ማሳ አይገቡምና ሥራው የሰው እጅ ይጠይቃል፤ ሁለት ሽማግሌዎች አይወጡትም። የደረሰ ሩዝ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ የኅዳር ነፋስ ሲነካው ይረግፋል።

ምንተስኖት እንደ ልማዱ ከቤት ቤት እየዞረ ወንፈል ጠራ።

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» አለው ይበልጣል ከደጃፉ ተነሥቶ። «ያንተ ሩዝ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ማሳህ ላይ ታገኘኛለህ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንተ ሰው! እኔ ልሙት እመጣለሁ!»

በሁሉም ቤት እንዲህ ተባለ። የማይችል አልነበረም። እንዲያውም አንዳንዱ ልጆቹን ጭምር እንደሚያመጣ ማለ። ምንተስኖት ቤቱ ሲገባ ለአስካለ ብዙ ጠላ እንደሚያስፈልግ ነገራት።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ማሳው ውስጥ ነበሩ። ፀሐይ ወጣች። ጤዛው ደረቀ። ከመንደሩ በኩል ጭስ ይታያል፤ የይበልጣል ሳቅም አንድ ጊዜ ከነፋሱ ጋር መጣ። ወደ ማሳው የሚመጣ ሰው ግን አልነበረም። ሁለቱ ከማሳው አንድ ጥግ አጭደው፣ የጥቂት ነዶ ክምር ካደረጉ በኋላ አስካለ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ሁሉም እመጣለሁ ብለዋል እኮ» አለ ምንተስኖት።

«ብለዋል» አለች አስካለ። «ማን አልተናገረም አለህ?»

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አንዲት የጭነት ጋሪ በድንበሩ መንገድ ላይ መጣች። ፍራሽ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ሣጥን ጭናለች። ውብሐረግ በእግሯ ከኋላዋ ትከተላለች። በዚያ ሳምንት ማሳዋ ወደ ጥቅሉ ገብቶ ነበር፤ ወረታ ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ክፍል ተሰጥቷታል። ከማሳው አጠገብ ስትደርስ ጋሪውን አስቆመች።

«እግዜር ያበርታችሁ።»

«አሜን፣ እታለም» አለ ምንተስኖት።

ውብሐረግ ሩዙን አየች። ለረጅም ጊዜ ነበር ያየችው።

«ያምራል» አለች። «ሰዎቹ አልመጡም?»

«ይመጣሉ። ገና ማለዳ ነው።»

ውብሐረግ ወደ ፀሐይዋ ቀና ብላ አየች። ነጠላዋን አውልቃ ወገቧን ታጠቀች፤ እጅጌዋንም ሰበሰበች።

«ትርፍ ማጭድ አላችሁ? ልርዳችሁ።»

የምንተስኖት ልብ ዘለለ። አንድ ሰው ማለት አንድ ሰው ነው፤ እሷ ማሳው ውስጥ ስትታይ ደግሞ መንደሩ አይቶ ያፍር ይሆናል፤ ያፈረ ይመጣ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበ። አፉ ግን ስድሳ ዓመት የለመደውን ተናገረ።

«ኧረ በጭራሽ! አንቺ መንገደኛ፣ ሐዘንተኛ! ዕቃሽ ፀሐይ ላይ ቆሞ? በሞቴ፣ ሂጂ!»

እንዲህ እያለም አንድ እርምጃ ወደ ጎን ዘወር ብሎ የምትቆምበትን ቦታ ለቀቀላት። አስካለም የራሷን ማጭድ በእጀታው በኩል አዙራ ወደ ድንበሩ ዘረጋች። ቀጥሎ የሚሆነውን ሁለቱም ያውቁታል፤ እንዴት ብዬ ትላለች፣ እኔ ልሙት ትላለች፣ ማጭዱን ከአስካለ እጅ ነጥቃ ትገባለች።

ውብሐረግ አስተዋለችው። ፊቷ በዚያ ቀን በነጩ ክፍል እንደ ነበረው፣ ቁጣ የሌለበት ነበር።

«እሺ» አለች።

ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ተከናነበች። ጋሪውን እንዲነዳ ለባለጋሪው ምልክት ሰጠች፤ «ደህና ሁኑ» ብላም መንገዷን ቀጠለች። ምንተስኖት ወደ እነሱ መመለሷን ጠበቀ። ጋሪዋ የጥቅሉን ድንበር ታጥፋ እስክትሰወር ድረስ ጠበቀ። ከጣና በኩል ነፋስ ተነሣና ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አለፈበት፤ የደረሰው ሩዝ በግራም በቀኝም፣ ቀስ እያለ፣ በእርጥቡ ዋልካ አፈር ላይ መርገፍ ጀመረ።

አስካለ የዘረጋችውን ማጭድ ወደ ራሷ መለሰች።